ተመላሽ

ዳማ ምጥ የጀመራት ጠዋት፣ ወተት ሰብሳቢው መኪና ገና ሳይደርስ ነው። ይታይሽ ይህን ያወቀችው ከላሚቱ ጩኸት ሳይሆን ከስልኳ ነበር። ከላሚቱ አንገት ላይ የማይወልቀው መሣሪያ፣ የፎገራ ሰው "ማተብ" የሚለው፣ ወሬውን ለከብት ማዳቀያ ማዕከሉ አደረሰ፤ ማዕከሉ ደግሞ መልሶ ለይታይሽ ነገራት።

"ላምዎ በምጥ ላይ ናት። ሴት ጥጃ ይጠብቁ" አለ ለስላሳው ድምፅ።

ሴት ጥጃ ይጠብቁ መባሉ ልማድ እንጂ ዜና አልነበረም። በዚያ ሜዳ ላይ ወንድ ጥጃ ማየት ከቀረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ዘሩ ጾታው ተለይቶ ከማዕከሉ ይመጣል፤ ሴት ይወለዳል፤ ሴቷ አድጋ ትታለባለች፤ ስታረጅ መኪና ይወስዳታል። ሩዙን በኪራይ የሚመጣ ማሽን ያርሰዋል፣ ማሽን ያጭደዋል። ኮርማ የሚባለው ነገር የቀረው በአፍ ላይ ብቻ ነበር። ላም "ኮርማ ፈለገች" ይባላል፤ ያን ጊዜ ዘሩ ያለበትን ቀዝቃዛ ዕቃ ከሞተር ሳይክሉ ኋላ ጭኖ የሚመጣው አዳቃዩ እንየው ነው። ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩት "ኮርማው መጣ!" እያሉ ይሮጣሉ። ድሮ አብሯቸው ይስቅ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መሳቁን ትቷል።

ጥጃው ወጣ። ይታይሽ አፍንጫውን ጠረገችለት፣ ጎኑን አሸት አሸት አደረገችው፤ ሲተነፍስ ደስ አላት። ከዚያ የኋላ እግሩን ከፍ አድርጋ አየችና እጇ ቀጥ አለ።

ተመላሽ ነበር።

ማዕከሉ ስህተት የሚለው፣ ሰው ደግሞ ተመላሽ የሚለው፣ ከብዙ ሺህ አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ በስልክ ታሳያለህ፣ ዙሪያው የተዘጋ መኪና ይመጣል፣ ሰው ሳይወርድ በሩ ይከፈታል፣ ታስገባለህ፣ ይሄዳል። በምትኩ ሌላ ዘር በነጻ ይላክልሃል። ይታይሽ ገና ሙሽራ ሳለች አንድ መልሳ ታውቃለች። ወዴት ይወስዱታል ብላ አልጠየቀችም፤ ማንም አይጠይቅም። የተበላሸ ዕቃ ለመጣበት ሱቅ ሲመለስ ወዴት ሄደ የሚል የለም።

አባቷ አባ ገላዬ ከሚሞቁበት ፀሐይ ተነስተው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ከሰማንያ ያለፉ ሰው ናቸው፤ በመንደሩ ውስጥ ሞፈር በእጁ የጨበጠ ሰው ቢፈለግ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚገኙት።

"ምን ወለደች?"

"ተመላሽ ነው አባዬ።"

"ተመላሽ የሚባል ከብት አላውቅም። ወንድ ነው ወይ?"

"ወንድ ነው።"

አባ ገላዬ ጎንበስ ለማለት ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው፤ ከዚያ ዝም ብለው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጥጃውን ማድረቅ ጀመሩ። ይታይሽ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

"ተይው" አሉ ቀና ሳይሉ።

"አባዬ፣ ይቀጡናል። ወተታችንን አንወስድም ቢሉንስ?"

"ለኔ አቆይልኝ። ሲያድግ ልየው። እስከዛሬ ምን ለምኜሻለሁ?"

እውነታቸውን ነበር፤ ምንም ለምነዋት አያውቁም። ይታይሽ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ጥጃው የሽማግሌውን ጣት መጥባት ጀምሯል። ጨነቃትና ለማዕከሉ ሳይሆን ለእንየው ደወለች።

እንየው መጣ፤ ጥጃውን አየ፤ ራሱን አከከ። "ማተቡ መውለዷን ነው የሚያውቀው" አለ በዝግታ። "ምን እንደወለደች የሚነግራቸው ሰው ነው።"

"ሞቶ ተወለደ ብትልልንስ አያ እንየው?"

"እንጀራዬን አስቢው እንጂ ይታይሽ።"

"አስቤዋለሁ። የኔንም ጭምር።"

እንየው ከሽማግሌው ፊት ለፊት ቁጢጥ አለና ለረጅም ጊዜ ጥጃውን ተመለከተ። ፊቱ ላይ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ የሆነ ሒሳብ የሚያወጣ ይመስል ነበር። ይታይሽ ምን እንዳሰበ ያወቀችው ኋላ ነው። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር ነካካ። "ሞቶ ተወለደ። ቀብራችሁታል" አለና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ከሩዝ ገለባው ክምር ጀርባ በረት ሠሩለት። አባ ገላዬ ስሙን ደመላሽ አሉት። "እናንተ ተመላሽ ካላችሁት እኔ ደመላሽ ብዬዋለሁ" ብለው በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ። ይታይሽ አባቷ እንደዚያ ሲስቁ ካየች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር።

ጥጃው አደገ። የሴቶቹን አስተዳደግ አልነበረም የሚያድገው። አንገቱ ወፈረ፣ ግንባሩ ሰፋ፤ ቀንድ የሚያከስም አልመጣለትምና ቀንድ አወጣ። ይታይሽ ዕድሜዋን ሙሉ ከብት ያረባች ሴት ናት፤ ይህን ፍጥረት ግን ሳር ስትሰጠው እንግዳ ቤቷ የገባ ይመስላት ነበር። ላሞቹ ያውቋታል፣ ለጥሪዋ ይመጣሉ። እሱ ያያታል እንጂ አይመጣም። አንድ ቀን ውኃ ልትሰጠው ጎንበስ ስትል ከግርግዳው ጋር አጣበቃት። አባቷ ደርሰው አፍንጫውን ይዘው ባያዞሩት ጎድኗ ይሰበር ነበር።

"እንዲህ ነው እንዴ ድሮም?" አለች ጎድኗን ይዛ።

"የኛዎቹ የዋሆች ነበሩ" አሉ አባ ገላዬ። "ይሄ የኛ አይደለም። ደሙ የሩቅ ነው። ጀርባሽን አትስጪው።"

መጀመሪያ ያገሳ ዕለት መንደሩ ጸጥ አለ። እኩለ ቀን ነበር። ውሾቹ መጮኽ ተዉ። ላሞቹ በየበረቱ ቀና ቀና አሉ፤ ከዚያ የይታይሽ ስልክ "ላምዎ ተረብሻለች። ምክንያቱ አልታወቀም" አለ፤ ቀጥሎም የጎረቤት ስልክ እንደዚያው፤ ቀጥሎም የማዶው። ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ደጅ ወጡና ተያዩ። አንዳቸውም ያንን ድምፅ ሰምተውት አያውቁም። ሆኖም ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ጊደሯን እየጎተተች መጣች። ማንጠግቦሽ ጮክ ብላ የምትናገር፣ ጮክ ብላ የምትስቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

"አትደብቂኝ ይታይሽ። ሰምቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"እንየው ስንቴ እንደተመላለሰላት ታውቂያለሽ። አልያዘላትም። መካን ናት ብለው ሊወስዷት ነው። ያለችኝ እሷ ናት።"

ዘሩ መያዝ ማቆሙን ይታይሽም ታውቅ ነበር። ነገሩ በማንጠግቦሽ ቤት ብቻ አልነበረም። በየመንደሩ ጊደሮች ይደገምላቸዋል፣ ይሠለስላቸዋል፤ ከዚያ መኪናው ይመጣል። ሰው እንየውን ያማ ነበር፤ እጁ ከብዷል፣ ዕቃውን አሙቆታል ይለዋል። መሳቁን የተወውም ለዚህ ነው።

ጊደሯን ወደ ገለባው ጀርባ ወሰዷት። ሁለቱ ሴቶች ቆመው አዩ። ሁለቱም ሲያልቡ ያረጁ፣ የስንት ላም ምጥ የያዙ ናቸው፤ ይህን ግን አይተውት አያውቁም። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች። ደመላሽ አየሩን አሸተተ፣ ከንፈሩን ገለበጠ፤ ከዚያ ያ ግዙፍ አካል እንዴት እንደተነሣ አላወቁም። ጊደሯ ወገቧ ጎበጠ፣ ግን አልሸሸችም። ነገሩ ገና ምን ሆነ ሳይባል አለቀ።

"በቃ?" አለች ማንጠግቦሽ።

"በቃ" አሉ አባ ገላዬ ከአጥሩ ላይ ተደግፈው። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁባቸው። ሴቶቹም አፍረው፣ ከዚያ መቆም አቅቷቸው ሳቁ።

ጊደሯ ያዘች። ወሬው በየጓሮው ዞረና በወሩ ሌሎች መጡ፤ ገበያ የሚሄዱ መስለው፣ ጊደራቸውን በገመድ እየሳቡ። ይታይሽ ማንንም አልመለሰችም። ለአባ ገላዬ ይሰገድላቸው ጀመር፤ ሰው ምክር ይጠይቃቸዋል፤ ኮርማ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚፈራ ያስተምራሉ። ያን ጊዜ በሜዳው ላይ አንድ የተደበቀ ደስታ ነበር። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ምክንያቱን ሳይናገሩ ፈገግ ይባባሉ ነበር።

የማንጠግቦሽ ጊደር የወለደችው ከመስቀል በኋላ ነው። ማንጠግቦሽ ራሷ እየሮጠች መጥታ ይታይሽን ጠራቻት፤ ነይ ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። ጥጃዋ ሴት ነበረች፤ ቆማለች፤ ጠጉሯ ያብረቀርቃል፤ እናቷን በአፍንጫዋ ትፈልጋለች። ዐይን ግን አልነበራትም። ዐይን ሊኖር በሚገባው ቦታ ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖበታል፤ ማንም እንዳልረሳው፣ ድሮም እንደዚያ የታሰበ ይመስል።

ቀጥሎ የተወለደው ጤነኛ ነበር። ከዚያ እግሩ የተቆላለፈ መጣ፣ ሳይውል ሞተ። ከዚያ ሁለት ጤነኞች፣ ከዚያ እንደገና ዐይን የሌለው። ይታይሽ ወደ እንየው ቤት ሄደች።

"አንተ ታውቅ ነበር" አለችው ደጁ ላይ እንደቆመች።

እንየው ሞተሩን ይጠርግ ነበር። ጨርቁን አስቀመጠ። "ግቢ።"

"አልገባም። ንገረኝ።"

"የምናዳቅልበት ዘር የዕቃው ቀለም ይለያያል እንጂ አባቱ አንድ ነው" አለ እንየው። "መጀመሪያ ብዙ ኮርማዎች ነበሩ። ከዚያ ወተት የሚበዛለት ተመረጠ፣ ሌላው ተተወ። በዚህ ሜዳ ያሉት ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ዳማም፣ የማንጠግቦሽም። ደመላሽም የዚያው ልጅ ነው። እህቶቹን ነው ያመጣሽለት።"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዕውር አልተወለደም?"

"ማዕከሉ ያጣራዋል። የታመመውን የዘር ፍሬ ይጥለዋል፣ ደኅናውን ይልካል። ኮርማ አያጣራም።"

"ይህን እያወቅህ ዝም አልኸኝ?"

"የሚይዝ ዘር አጣሁ ይታይሽ። ሰው ሁሉ ጣቱን እኔ ላይ ቀሰረ። ጥጃውን ሳየው ምናልባት ከዚህ ይገኛል አልኩ። ዐይን የሌለው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። አላሰብኩም ልበል፣ ወይም ማሰብ አልፈለግሁም።"

ይታይሽ ልትሰድበው አስባ ነበር የመጣችው። ሰውየው ግን ያረጀ መስሎ ታያትና ትታው ተመለሰች።

ማዕከሉ የደረሰበት በማተቡ ነው። ዘር ያልተሰጣቸው ጊደሮች እርጉዝ ናቸው ብሎ ማተቡ ይናገራል፤ ማዕከሉ ስህተት መስሎት ቆየ፤ ከዚያ ሰው ላከ። የመጣችው ዶክተር ሶልያና የምትባል፣ በዕድሜ የይታይሽ ልጅ ልትሆን የምትችል፣ ትሕትና ያላት ሴት ነበረች። ይታይሽ ፖሊስ ይዛ ትመጣለች ብላ ስትጠብቅ ብቻዋን መጣች። ደመላሽን ከአጥሩ ውጪ ሆና ለረጅም ጊዜ አየችው። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

"በሕይወቴ አይቼ አላውቅም" አለች። "ተምሬአለሁ እንጂ አይቼ አላውቅም።"

"ልትወስጂው ነው የመጣሽ ልጄ?"

"አዎ እትዬ። ግን እንደ ተመላሽ አይደለም። እንፈልገዋለን።"

ይታይሽ አልገባትም። ሶልያና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ሳትደብቅ ነገረቻት። ዘሩ የተቀዳበት ኮርማ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የተቀመጠው ዘር አርጅቷል፤ አይይዝም። ስለማይዝም ተመላሽ መወለዱ ራሱ ቀርቷል። ሌሎቹ ማዕከሎችም ያለባቸው ጣጣ ያው ነው። ደመላሽ አሁን ያለው ብቸኛው ነው።

"የሱ ልጆችስ? ወንድ የሆኑ ተወልደዋል።"

"ከእህቶቹ የተወለዱ ናቸው። ደሙ ጠቧል፤ ማጣሪያችን አይችለውም። የሱን ግን እናጣራዋለን። ለሃያ ዓመት ይበቃናል።"

"ከዚያስ?"

ሶልያና ፈገግ አላለችም። "ከዚያ እኔ ጡረታ እወጣለሁ" አለች።

አባ ገላዬ ፀሐይ እየሞቁ ይሰሙ ነበር። "ቆላ ያሉትስ?" አሉ። "ከኳራ ወዲያ ማተብ አናስርም ያሉ ሰዎች የኛን የጥንቱን ከብት ይዘው አሉ ሲባል እሰማለሁ። ውሸት ነው?"

"እውነት ነው አባባ።"

"ታዲያ ከነሱ ለምን አታመጡም?"

"ወተቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ፋብሪካው አይቀበለንም። ደግሞ እነዚያን ሰዎች ስናሳድዳቸው ነው የኖርነው። በምን ፊታችን እንጠይቃቸዋለን?" ሶልያና ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች። "ይሄ እስካለ ድረስ ማንም ወደዚያ እንድሄድ አይፈቅድልኝም። ከነገ ወዲያ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እናንተ አትቀጡም፤ ቃሌ ነው።"

"የት ነው የምታኖሩት?" አሉ ሽማግሌው።

"ብረት ውስጥ ቆሞ ይኖራል። ይመገባል። አይጎዳም።"

እሷ ከሄደች በኋላ ይታይሽ ሥራ አልሠራችም። የዕውሯን ጥጃ አረማመድ እያሰበች ዋለች። ማንጠግቦሽ በገመድ ስታወጣት ትናንሽ እግሮቿን ከፍ ከፍ እያደረገች፣ የሌለ ድንጋይ እየዘለለች ነው የምትሄደው። ሃያ ዓመት ይበቃናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ ማጣሪያው የማይችለው መንጋ፣ ሜዳውን ሙሉ እንደዚያች ጥጃ እየረገጠ ሲሄድ ታያት።

በማግስቱ ጠዋት ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ድሮ ኮርማን እንዴት ነው በሬ የምታደርጉት?"

አባ ገላዬ ዘወር ብለው አዩዋት። ለምን እንደጠየቀች ወዲያው ገባቸው። ለጥቂት ጊዜ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

"አስበሽበታል? ይሄ ሲጠፋ ሌላ የለም። ሰው ይጠላሻል።"

"እሱ እያለ ወደ ቆላ አይሄዱም። ራሷ ናት ያለችው።"

"ሲጠፋስ መሄዳቸውን በምን አወቅሽ?"

"አላወቅሁም።"

አባ ገላዬ ደመላሽን በጣም ይወዱት ነበር። ገለባው ጀርባ ሄደው አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆዩ፤ ግንባሩን በከዘራቸው ጫፍ ያኩለት ጀመር፤ እሱም ዐይኑን ጨፈነላቸው። ሲመለሱ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

"ብረት ውስጥ ቆሞ ከሚያረጅ ሜዳ ላይ በሬ ይሁን። እንየውን ጥሪው። ፈረስ የሚያኮላሽበትን ጉጠት ያምጣ።"

እንየው ምንም አልተከራከረም። አባ ገላዬ ገመዱ የት እንደሚያልፍ፣ የቱ እግር መጀመሪያ እንደሚጠለፍ ይናገራሉ፤ ይታይሽና እንየው ያደርጋሉ። ደመላሽ ሁለት ጊዜ ጣላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ጉልበቱ ታጠፈና ምድሪቱን አንቀጥቅጦ ወደቀ። ይታይሽ ሙሉ ክብደቷን አንገቱ ላይ ጣለች። ዐይኑ ከዐይኗ በስንዝር ርቀት ነበር፤ ነጩ ወጥቷል፣ ውስጡ የራሷን ፊት አየች። እንየው ጉጠቱን ገጠመ።

ያወጣው ድምፅ የማግሳት አልነበረም። ጥጃ ሆኖ የሚጮኸው ነበር። ይታይሽ አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ስትለው ቆየች፤ ምን እንዳለችው ኋላ ራሷም አላስታወሰችም። እንየው ወደ ሌላኛው ወገን ዞረ። ዳግም ያንኑ ድምፅ ሰሙ። ከዚያ አለቀ፤ ገመዱን ፈቱለት። ደመላሽ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ማንንም አልወጋም። የኋላ እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ ቆመና መሬቱን ተመለከተ።

መኪናው በተባለው ቀን መጣ። ሶልያና ወርዳ ሰላምታ ሰጠች፣ ወደ በረቱ ሄደች፤ አቋቋሙን ስታይ እርምጃዋን ቀነሰች። ገብታ ተንበርክካ በእጇ ዳሰሰችው። ስትነሣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ እንየው።

"እሱን ተይው። ቤቱ የኔ ነው፣ ከብቱም የኔ ነው" አለች ይታይሽ።

"ሌላ የለንም እኮ እትዬ። ነግሬዎታለሁ እኮ። ሌላ የለንም።"

"አውቃለሁ ልጄ። ስለሌለ ነው ያደረግሁት። አሁን ወደ ቆላ ትሄጃለሽ።"

ሶልያና የበረቱ አጥር ላይ ተደገፈች። ትቆጣለች ብለው ጠበቁ፤ እሷ ግን መዳፏን እያገላበጠች ታይ ነበር። "ብሄድስ?" አለች። "እንስሶቻቸውን ስንወስድባቸው የኖርን ሰዎች ነን። ባይሰጡኝስ?"

ይታይሽ ውኃ አምጥታ እጇን አስታጠበቻት። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የይታይሽን ወተት የሚወስድ ጠፋ። ወተቱን ትንጠዋለች፣ ቅቤውን ጎንደር ድረስ ወስዳ ለገዛት ትሸጣለች። እንየው ከሥራው ተባረረ፤ ሞተሩን ሸጦ ሩዝ ማሽን ላይ ተቀጠረ። ማንጠግቦሽ ሰላምታ ነፈገቻት። አንድ ቀን ብቻ፣ ወንዝ ዳር ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ፣ "ግማሾቹ እኮ ደኅና ነበሩ" አለቻት፤ "ግማሾቹ ዐይን ነበራቸው እኮ ይታይሽ።" ይታይሽ መንገዱን ለቀቀችላት። ስለ ሶልያና፣ አንዱ ቆላ ወርዳለች ይላል፣ ሌላው ተባርራለች ይላል። ከማዕከሉ የመጣ ቃል የለም።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲለመልም ጊደሮቹ ኮርማ ፈለጉ። መጀመሪያ አንዷ ከማዶ ጮኸች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ በየጓሮው፣ በየአጥሩ፣ እስከ ርብ ወንዝ ድረስ። ማንም አልመጣላቸውም። ይታይሽ በረቱ ደጅ ላይ ቆማ ሰማች፤ አባ ገላዬም ከተቀመጡበት ሰሙ። ደመላሽ ሳሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ራሱን ቀና አደረገ፣ ጆሮዎቹን አቆመ፣ የሆነ ነገር ለማስታወስ የሚሞክር መሰለ። ከዚያ ጆሮዎቹ ወረዱና ማመንዠኩን ቀጠለ።